ድንችን የሚያጠወልገው ስውር ጠላት፤ ዘሩና ስሙ እንዴት እንደ ታወቀ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው የተነገረው ለሰው ነው፤ ሰው አንደበት ስላለው ሕመሙን ለመግለጽም ሆነ ለመሸሸግ ይችላልና። ነገር ግን አንደበት የሌለው ፍጥረት ሲታመም፣ ይልቁንም በሽታው ራሱ የጤነኛ መልክ ለብሶ ሲመጣ፣ ማን ይናገርለታል? ገበሬው ለዘር ብሎ በመረጠው፣ ልጡ ባልቆሰለና መልኩ ባማረ ድንች ውስጥ የእርሻውን ጥፋት ተሸክሞ ወደ ማሳው ሲገባ ማን ያስጠነቅቀዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ይኸውም ድንችን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ መጀመሪያ እንዴት እንደ ታወቀ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደ ተለዋወጠ፣ በመጨረሻም ተሸሽጎ ከሚኖርበት ስፍራ ድረስ ገብቶ የትውልድ ሐረጉን የሚቈጥር የምርመራ ጥበብ እንዴት እንደ ተገኘ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የድንች የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ ሲያለሙት ከኖሩ በኋላ፣ እስጳንያውያን ያንን አገር በያዙ ጊዜ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ኤውሮጳ ተሻገረ። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በሰሜን አገራችን ለብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር ሲሆን፣ ዘመኑም 1858 እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ከ1888 እስከ 1892 በቆየው በክፉ ቀን፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ገበሬውን ያለ ጥማድ ካስቀረው ወዲህ፣ በዶማ ተቆፍሮ ሊተከል የሚችለው ይህ እንግዳ ተክል በደጋው ሕዝብ ዘንድ ይበልጥ እየታወቀና እየተለመደ ሄደ።

ድንች ከስንዴና ከጤፍ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ስንዴ የሚዘራው በፍሬው ነው፤ ድንች ግን የሚተከለው ከመሬት በታች ካበጠው ከራሱ አካል ነው። ስለዚህ አዲሱ ተክል የአሮጌው ልጅ ብቻ ሳይሆን ራሱ አሮጌው ተክል ነው ለማለት ይቻላል። የእናቲቱ መልካም ጠባይ ሁሉ ሳይጓደል ወደ ልጂቱ ይተላለፋል፤ በእናቲቱ አካል ያደረ በሽታም እንዲሁ ይተላለፋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ከረጢት የዘር ድንች ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላ አውራጃ ሲጓዝ፣ አብሮት የሚጓዘው ምን እንደ ሆነ ማወቅ እጅግ አስፈላጊ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚያዞረው በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ነውና አንባቢ በልቡ ይያዛት።

ስለ ድንች በሽታ ሲነሣ በዓለም ታሪክ አስቀድሞ የሚታወሰው የአየርላንድ ረኃብ ነው። በ1845 የጀመረው የድንች ምች የዚያን አገር ሕዝብ ዋና ምግብ በማጥፋቱ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው አለቀ፤ አንድ ሚሊዮን የሚያህለውም ተሰደደ። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ሊቃውንቱ የበሽታውን መነሻ በአንድ ቃል ሊናገሩ አልቻሉም፤ አንዳንዱ የአየሩን እርጥበት፣ አንዳንዱ የተክሉን እርጅና ምክንያት ያደርግ ነበር። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ መንሥኤው ሻጋታ መሰል ተሐዋሲ መሆኑን በሙከራ ያስረዳው በ1861 ነው፤ ይህም ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ያ በሽታ ከባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ትምህርት ትቶልን አልፏል። መንሥኤው ያልታወቀ በሽታ ሁሉ ገበሬውን ሁለት ጊዜ ይጐዳዋል፤ አንድ ጊዜ ሰብሉን በማጥፋት፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ባልሆነ መድኃኒት ጉልበቱንና ገንዘቡን በማስጨረስ ነው።

ምች በቅጠሉ ላይ ጠቁሮ በግልጥ ይታያል። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ግን አመጣጡ ሌላ ነው። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ቀን ፀሐይ ሲበረታ ውሃ እንደ ጠማው ተክል ይጠወልጋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ያገግማል፤ ጥቂት ቀን እንዲህ ሲል ሰንብቶ ፈጽሞ ይወድቃል። ገበሬው ዝናም ያነሰው መስሎት ውሃ ቢያጠጣው አይነሣለትም፤ እንዲያውም ውሃው በሽታውን ይዞ ወደሚቀጥለው መደብ ያደርሰዋል። ምክንያቱም ባክቴሪያው በሥሩ ቁስል በኩል ገብቶ፣ ውሃ በሚመላለስባቸው ረቂቃን ቧንቧዎች ውስጥ ተራብቶ፣ ዝልግልግ ነገር እያመነጨ መንገዱን ስለሚደፍነው ነው። ተክሉ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል። ድንቹ በቢላዋ ሲቆረጥ ከልጡ ጥቂት ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ይታይበታል፤ በዐይኖቹም በኩል ፈሳሽ ስለሚወጣ አፈር ይጣበቅበታል።

ይህ በሽታ ከባክቴሪያ መሆኑን በጽሑፍ ገልጦ ለዓለም ያስታወቀው በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ይሠራ የነበረው ኤርዊን ስሚዝ ነው። ዘመኑም 1896 ነበረ። ከእርሱ በፊት የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቶማስ በሪል የፒር ዛፍን የሚያቃጥለው በሽታ ከባክቴሪያ እንደሚመጣ አስረድቶ መንገዱን ከፍቶ ነበር። ስሚዝም የጀርመኑ ሐኪም ሮበርት ኮኽ ለሰውና ለከብት በሽታ የሠራበትን ሥርዓት ተከትሎ፣ ከታመመው ተክል ባክቴሪያውን ለብቻው አውጥቶ አራባ፤ ከዚያም በጤነኛው ተክል ላይ አድርጎ ያው በሽታ ሲነሣ አየ፤ ከዚህኛውም ተክል ያንኑ ባክቴሪያ መልሶ አወጣ። በቲማቲም፣ በደበርጃንና በድንች ላይ ያገኘውን ይህን ጠላት ባሲለስ ሶላናሲያሩም ብሎ ሰየመው።

ይሁን እንጂ አዲስ እውነት ሲገለጥ ወዲያው ተቀባይነት አያገኝም። በዚያን ጊዜ በኤውሮጳ ስመ ጥር የነበረው ጀርመናዊው አልፍሬድ ፊሸር በ1897 ስለ ባክቴሪያዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተክል አካል በጠንካራ ግድግዳ የተከበበ ስለ ሆነ ባክቴሪያ ዘልቆ ገብቶ በሽታ ሊያመጣ አይችልም፤ በታመመ ተክል ላይ የሚታዩትም ባክቴሪያዎች ሌላ በሽታ ከገደለው በኋላ የመጡ ናቸው ሲል ተከራከረ። ስሚዝ ዝም አላለም፤ የሙከራውን ውጤት አንድ በአንድ እየዘረዘረ፣ ባክቴሪያዎቹ በሕያው ተክል ውስጥ ሲሠሩ የሚታዩበትን ማስረጃ እያቀረበ መለሰለት። ክርክሩ እስከ 1901 ቆይቶ በስሚዝ አሸናፊነት ተፈጸመ። እዚህ ላይ ለተማሪዎች ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፊሸር ሰነፍ አልነበረም፤ ነገር ግን ሊሆን አይችልም ብሎ ከመነሣት በቀር የተባለውን ሙከራ ራሱ በቅንነት ደግሞ ለማየት አልተነሣም። ስሚዝን ያሸነፈለት የቃል ብርታት ሳይሆን ማንም ደግሞ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው።

የጠላቱ መኖር ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ተነሣ። ይህ ባክቴሪያ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ድንችን ብቻ አይደለም የሚያጠቃው፤ ትምባሆን፣ ቲማቲምን፣ በርበሬን፣ ለውዝን፣ ዝንጅብልን፣ ሙዝን ሳይቀር ያጠወልጋል፤ ዛሬ የሚታወቁት የሚያድርባቸው ዕፀዋት ከ200 ይበልጣሉ። አንዱ አገር የሚገኘው ሙዝን ገድሎ ድንችን ይምራል፤ ሌላው አገር የሚገኘው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንዱ ሙቀት ይወዳል፤ ሌላው በደጋ ብርድ ይኖራል። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አጫጭር በትሮች ናቸው። አሜሪካዊው አርተር ኬልማን በ1954 ባዘጋጀው ማራቢያ ላይ ኃይለኛው ባክቴሪያ መካከሉ ሐምራዊ የሆነ ነጭና ፈሳሽ ጠብታ ሲመስል፣ ኃይሉን ያጣው ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይና ክብ ሆኖ ስለሚታይ፣ ሊቃውንቱ ብርቱውን ከደካማው ለመለየት ቻሉ። ትውልዱን ለመለየት ግን ገና አልተቻለም ነበር።

በ1962 ቡደንሃገን፣ ሴኬራና ኬልማን ባክቴሪያውን በሚያጠቃው ተክል ዓይነት ከፋፈሉት፤ ድንችን የሚያጠቃውም ሦስተኛው ወገን ተባለ። በ1964 ሄይዋርድ የተባለው ሊቅ ደግሞ የትኛውን ስኳርና የትኛውን አልኮል ለምግብነት እንደሚጠቀምበት እየፈተነ በሌላ መንገድ ከፈለው። ሁለቱም አከፋፈሎች ለብዙ ዓመት አገልግለዋል። ዳሩ ግን ጉድለት ነበረባቸው። አንዱ ባክቴሪያ ከአንድ በላይ ተክል ሲያጠቃ ከየትኛው ወገን ይቈጠር? በአንድ ማዕድ የሚበሉ ሁለት ሰዎችስ የግድ ወንድማማቾች ናቸውን? ሰውን በሚበላው ምግብና በሚያድርበት ቤት ብቻ ለይቶ ዘመዱን ማወቅ እንደማይቻል ሁሉ፣ ባክቴሪያውንም በዚህ መንገድ ለይቶ የትውልድ ሐረጉን ማወቅ አልተቻለም። ጥበቡ ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት።

ይህን የውስጥ ምርመራ ለማስረዳት ከአገራችን ልማድ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የብራና መጽሐፍ በቁም ጸሓፊ እጅ ሲገለበጥ፣ ጸሓፊው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይስታል፤ ቃል ይዘላል። ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጠው ሁለተኛው ጸሓፊ ያንኑ ስሕተት ይወርሳል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ስለዚህ የጥንት መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ በሁለት ብራናዎች ውስጥ በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲያገኝ፣ ሁለቱ ከአንድ እናት መጽሐፍ መወለዳቸውን ይገምታል። እንዲህ ያለ ስሕተት በብዛት ሲገኝ ግምቱ ወደ እርግጥ ይጠጋል። የመጽሐፉ ልባስ ቀይ ወይም ጥቁር መሆኑ ግን ስለ ትውልዱ ብዙ አይነግረውም።

ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። በሕያዋን ሁሉ ውስጥ የሚገኘውና ዲ. ኤን. ኤ. የሚባለው ረጅም ክር፣ ፍጥረቱ የሚሠራበትን ትእዛዝ ሁሉ የያዘ ጽሑፍ ነው። የእኛ ፊደል ከነእርባታው 231 ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ፊደላት ግን አራት ብቻ ናቸው። ባክቴሪያው ለሁለት በተከፈለ ቍጥር ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ አልፎ አልፎም አንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ለልጅ ልጅ ይወረሳል። የዘረ መል ምርመራ ማለት እንግዲህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ፣ ስሕተቶቹን ከስሕተቶች አስተያይቶ፣ ማን ከማን እንደ ተወለደ ማወቅ ነው። የስኳሩና የተክሉ ፈተና የልባሱ ቀለም ነበረ፤ ይህ ግን ውስጡን መግለጥ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ የተገለጠው በ1973 ነው። በዚያን ጊዜ ኖርቤርቶ ፓሌሮኒና ባልደረቦቹ ፕሴዶሞናስ በሚለው በአንድ ስም የሚጠሩትን ባክቴሪያዎች በውስጥ ጽሑፋቸው አስተያይተው፣ አንድ ቤተ ሰብ ሳይሆኑ አምስት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን አሳዩ። ድንች አጠውላጊውም በ1914 ወደ ፕሴዶሞናስ ወገን ተዛውሮ በዚያው ስም ሲጠራ የኖረ ስለ ነበረ፣ ዘመዶቹ ናቸው ከተባሉት ከብዙዎቹ ጋር እንደማይዛመድ ታወቀ። ከዚህ የተነሣ በ1992 ቡርክሆልደሪያ ተብሎ ተሰየመ፤ በ1995 ደግሞ ራልስቶኒያ የሚል አዲስ ስም ወጣለት። ይህም ስም ለአሜሪካዊቱ የባክቴሪያ ሊቅ ለኤሪካ ራልስተን መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ስሙ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ መለወጡ የሊቃውንት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ለውጥ እውቀቱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ምልክት ነው።

በ1989 በአሜሪካ የሴኬራ የምርምር ጓዶች የባክቴሪያውን ዲ. ኤን. ኤ. በተወሰኑ ቃላት ላይ በሚቆርጡ ንጥረ ነገሮች ከፋፍለው ሲያስተያዩት፣ ዓለም አቀፉ ጠላት በሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች፣ ማለት በአሜሪካዊና በእስያዊ፣ የተከፈለ መሆኑን አገኙ። በ2002 የፈረንሳይ ሊቃውንት ከቲማቲም የተገኘውን የአንዱን ባክቴሪያ ሙሉ ጽሑፍ አንብበው አሳተሙ፤ ርዝመቱም 5.8 ሚሊዮን ፊደል ሆኖ ተገኘ። በ2005 ፌጋንና ፕርዮር የተባሉት ሊቃውንት የቀደመውን ሁሉ አሰባስበው በአራት ከፈሉት። እነርሱ ፋይሎታይፕ የሚሉትን እኛ በቋንቋችን ነገድ ብንለው ያስኬዳል። አንደኛው ነገድ የእስያ፣ ሁለተኛው የአሜሪካ፣ ሦስተኛው የአፍሪቃና በዙሪያዋ ያሉት ደሴቶች፣ አራተኛው የኢንዶኔዥያና የአካባቢዋ ነው። በ2014 ደግሞ እነዚህ አራቱ ነገዶች በእውነቱ ሦስት ልዩ ልዩ ዝርያዎች መሆናቸው ስለ ተረጋገጠ፣ የጥንቱ ሶላናሲያሩም የሚለው ስም ለሁለተኛው፣ ለአሜሪካው ነገድ ብቻ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሌላ መሣሪያ ባይጨመር ኖሮ እውቀቱ በመጻሕፍት ብቻ ተወስኖ በቀረ ነበር። ያም መሣሪያ አሜሪካዊው ካሪ መሊስ በ1983 ያሰበውና በ1993 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት፣ በአጭሩ ፒ. ሲ. አር. የሚባለው የማብዛት ዘዴ ነው። የሚፈለገው የዲ. ኤን. ኤ. ቁራጭ እየሞቀና እየቀዘቀዘ በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ ይሆናል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ30 ዙር ከአንድ ሺህ ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ዘዴው የሚያበዛው የተፈለገውን ቃል ብቻ ስለ ሆነ፣ ያ ቃል በድንቹ ጭማቂ ውስጥ ከሌለ ምንም አይበዛም፤ ካለ ግን ጥቂትም ቢሆን ይገለጣል። ድንች አጠውላጊውን በዚህ መንገድ ለይቶ የሚያወጣ ፈተና በ1993 ታትሞ ወጣ፤ በ2000 ደግሞ በተለይ ድንችን የሚያጠቃውን ወገን እየበዛ ሳለ የሚያሳይ ፈተና ተገኘ። አንደበት ለሌለው ድንች አንደበት የተሰጠው በዚህን ጊዜ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ይህ ምርመራ ምን ታሪክ እንዳወጣ አሁን እንመልከት። ድንችን የሚያጠቃው ከሁለተኛው ነገድ የሚወለድ አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ ሊቃውንቱ ሁለት ቢ፣ ሴኮቫር አንድ ይሉታል። የትውልድ አገሩም እንደ ድንቹ እንደ ራሱ የአንዲስ ተራራ ነው። ድንቹ በሄደበት ሁሉ እንደ ጥላ ተከትሎታል። በ1970ዎቹ ዓመታት በስዊድን ተገኘ፤ በወንዝ ዳር በሚበቅል ከድንች ጋር በሚዛመድ አረም ውስጥ ተጠልሎ፣ በመስኖው ውሃ ወደ እርሻ ይገባ ነበር። በ1995 በሆላንድ ተነሥቶ የዘር ድንች በመላክ የታወቀችውን ያችን አገር አስደነገጠ፤ የኤውሮጳ ኅብረትም በ1998 ይህን በሽታ ለመቆጣጠር አንድ የጋራ ሕግ አወጣ። በ2003 ደግሞ ከኬንያ ወደ አሜሪካ በተላከ ጄራንየም በሚባል የአበባ ቁራጭ ውስጥ ስለ ተገኘ፣ በብዙ የአሜሪካ ክፍለ አገሮች የተተከለው አበባ ሁሉ እየተፈለገ ጠፋ። በስዊድን አረም፣ በሆላንድ ድንችና በኬንያ አበባ ውስጥ የተገኘው ጽሑፉ ሲነበብ የአንድ እናት ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዕፀዋትን በሽታ በጥናት መመዝገብ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1967 ስቴዋርትና ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዳኛቸው ይርጉ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የዕፀዋት በሽታዎች ዝርዝር አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1968፣ ዳኛቸው ይርጉ ከእንግሊዛዊው ብራድበሪ ጋር ሆነው እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ ምን እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ገለጡ። ያ ባክቴሪያ ከድንቹ ጠላት ጋር ዘመድ አይደለም፤ ዛንቶሞናስ ከሚባል ከሌላ ወገን ነው። ሁለቱም ተክልን በማጠውለግ ስለሚገድሉ ግን በአንድ የአማርኛ ስም አጠውልግ ይባላሉ። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ብቻ የእንሰቱን በሽታ ፈርቶ ድንቹን፣ የድንቹን ፈርቶ እንሰቱን የሚያነሣ ገበሬ ቢኖር ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል። የጠላትን ዘር ለይቶ ማወቅ ጥቅሙ ከዚህ ይታያል።

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ የድንች እርሻዎች የተሰበሰቡትን አጠውላጊ ባክቴሪያዎች በዘረ መል ምርመራ ሲያያቸው፣ ያው ከአንዲስ የመጣው ሁለት ቢ፣ ሴኮቫር አንድ የተባለው ወገን ሆነው ተገኙ። እጅግ የሚቀራረቡትን እርስ በርሳቸው ለመለየትም፣ በጽሑፉ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ አጫጭር ቃላት ስንት ጊዜ እንደ ተደገሙ ተቈጠረ፤ በዚህም መንገድ በዘር ድንች ላይ የተነሣው በሽታ ከየት ሊመጣ እንደሚችል መንገዱን ለመከተል ተሞከረ። ይህ እንግዲህ የሊቃውንት ቤት ነገር ብቻ አይደለም። ምርመራው የሚያመለክተው ወደ ነፋሱና ወደ ዝናሙ ሳይሆን ወደ ከረጢቱ፣ ማለት ሰው በገዛ እጁ ወደሚያጓጕዘው ዘር ነው።

ከዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ከባድ ነገር አለ። በከፍተኛው ደጋ ብርዱ ስለሚያግደው ባክቴሪያው በተክሉ ውስጥ እያለ ተክሉ ላይጠወልግ ይችላል፤ ድንቹም ተቆርጦ ሲታይ ነጭና ንጹሕ ነው። ስለዚህ የደጋ ዘር ጤነኛ ነው እየተባለ ተመርጦ፣ ወደ ወይና ደጋ ወርዶ ለገበሬ ይታደላል፤ በዚያ ሙቀት ሲያገኝ የተኛው ይነቃል። ዘር ያደለው ሰው በጎ ነገር የሠራ መስሎታል፤ ዘሩን የተቀበለው ገበሬም ያመሰግነዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን አላወቁም። በሽታው አንድ ጊዜ መሬቱን ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ በአፈሩ፣ ሳይለቀም በቀረው ድንችና በአረሙ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ማሳውን ለውጦ እህል ይዘራበታል፤ ጥማድ የማይሞላ መሬት ያለው ግን ወዴት ይሄዳል? በአንድ ከረጢት ዘር የሚጠፋው የአንድ ክረምት ምርት ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ መሬት ነው።

የዘረ መል ምርመራም ቢሆን ሁሉን የሚችል አይደለም። የሚመረምረው የቀረበለትን ድንች ብቻ ነው። በኤውሮጳ ሥርዓት ከአንድ ጭነት 200 ድንች ተመርጦ ይፈተናል፤ ከጭነቱ ውስጥ የታመመው አንድ ብቻ ቢሆን ሳይመረጥ ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም የሞተው ባክቴሪያ ጽሑፍ ሳይጠፋ ሊገኝ ስለሚችል፣ መኖሩን እንጂ መሞቱን ሁልጊዜ አይለይም። ከሁሉም በላይ ምርመራው ይናገራል እንጂ አይፈውስም። የተናገረውን ሰምቶ ዘሩን መከልከል፣ ለገበሬው ምትክ ማዘጋጀት፣ ማሳውን ማፈራረቅ፣ የወዳደቀውን ድንች መልቀም፣ ዶማውንና የመስኖውን ውሃ መጠበቅ የሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ ለየክፍሉ አንዳንድ ቃል ተናግረን እንፈጽም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች የዘር ድንች ጭነት ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሄድ በሚፈርሙበት ጊዜ፣ ከክብደቱና ከዋጋው ጋር ተመርምሯል ወይ የሚለውን ጥያቄ አብረው ይጠይቁ። መምህራን ደግሞ ቤተ ሙከራ እስኪሠራላቸው ድረስ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ከጠወለገው ድንች አገዳ ላይ አንድ ቁራጭ ወስደው፣ ንጹሕ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ቢያንጠለጥሉት፣ በሽታው አጠውልግ ከሆነ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከአገዳው ወደ ታች ሲወርድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ከዚያም ብርጭቆውን በፈላ ውሃ አጥበው፣ አገዳውን አቃጥለው፣ ውሃውንም ወደ እርሻ እንዳይደርስ ያድርጉ። ተማሪው ያንን ነጭ ክር አንድ ጊዜ ካየ፣ የአባቱ ድንች የጠወለገው በዝናም እጥረት ወይም በሰው ዐይን አለመሆኑን ሁልጊዜ ያስታውሳል።

በሽታው የሚታይበትን ተክል መለየት ለብርጭቆው ይበቃል፤ በጤነኛ መልክ የተሸሸገውን ለመለየት ግን ጽሑፉን የሚያነብ ዐዋቂ ያስፈልጋል። ስሚዝ በ1896 መልኩን ያሳየው፣ ከእርሱ በኋላ የተነሡትም ትውልዱን የቈጠሩለት ጠላት ዛሬ ሊደበቅ የሚችለው መርማሪው በሌለበት ብቻ ነው። ድንቹ አንደበት የለውም፤ በውስጡ የተጻፈውን ግን አልሸሸገም። እንዲነበብ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።